ለሽማግሌ የማይመች ሙሽራ

እኛ ሰውን “የዋህ ነው” ስንል ግማሹ ምስጋና ነው፤ ግማሹ ደግሞ “ምስኪን፣ ይበሉታል” ማለት ነው። ደባርቅ እንግሊዝኛ የምታስተምረው ልጄ ፈረንጆችም እንዲህ ያለ ቃል እንዳላቸው ነገረችኝ፤ “ኢንጀንዩየስ” ይባላል። መደበቅ ሳይሆንለት እውነቱን ፍርጥ የሚያደርግ ሰው ማለት ነው። “እስቲ በዓረፍተ ነገር አስገቢው” ብላት፣ “አባዬ ኢንጀንዩየስ ነበር” አለች። ነፍሱን ይማረውና፣ ከእሱ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ባሌ ቱሪስት በበቅሎ የሰሜን ተራሮችን አሳልፎ፣ ጨነቅ እስከሚባለው ሰፈር የሚያደርስ ሰው ነበር። ሊያጨኝ ሲመጣ እኔ ዳባት፣ አባቴ ቤት ነኝ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ አንዴ እምቢ ካሉ እምቢ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ላከና እሱ በቅሎዎቹን ይዞ ደጅ ቀረ። መቼም ታውቁታላችሁ፣ ሽማግሌ የተላከለትን ልጅ ትንሽ ካላሳመረ ምኑን ሽማግሌ ሆነ? እኔ ልቤን አስቀድሜ ሰጥቼዋለሁና ጓዳ ሆኜ፣ ትንፋሼን ውጬ አዳምጣለሁ።

“ልጃችን የሁለት በቅሎ ጌታ ነው” አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

በሩ ክፍት ነበር። “የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ” አለ እሱ ከደጅ፤ “ዳማዋ የአጎቴ ናት።”

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እንግሊዝኛውንማ እንደ ውኃ ነው የሚጠጣው!”

“ኧረ እኔ ‘ቀስ በሉ፣ ገደል ነው’ ከማለት በቀር አላውቅም።”

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእሱ እውነት ማደር አያውቅም።

አባቴ አስገቡትና፣ “ልጄን የት አወቅሃት?” አሉት። ለዚህ ጥያቄ መልሱ የታወቀ ነው፤ “ዘሯን ሰምቼ” ብሎ መገላገል። እሱ ግን፣ “በየገበያው ቀን ጨው ልትገዛ ስትመጣ እንገናኛለን” አለ።

አባቴ ወደ ጓዳው ዞሩ። “እኔ ደግሞ ይህ ቤት ምን ያህል ጨው ይበላል እያልኩ!”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሽማግሌዎቹ ነገሩ መበላሸቱን ሲያዩ፣ “ዋስም ይዘናል” አሉ፤ ሙሽራው ልጅቱን እንዳይበድል ዋስ መጥራት ደንብ ነውና።

“ለእሱ ዋስ አያሻኝም” አሉ አባቴ። “ለእሷ ጥሩልኝ።”

“ለእሷ እኔ እሆናለሁ” አለ።

ሆነም። እኔም ዋሴን አላሳፈርኩትም፤ በትዳራችን ዘመን ሁሉ የዋሸሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። እሺ፣ ሦስት። ሦስተኛው ባለፈው ክረምት፣ ታሞ አልጋ ላይ ሳለ፣ “ዛሬስ ፊትህ ወዝ አለው” ያልኩት ነው።

ፈገግ ብሎ፣ “አይ አንቺ፣ ዛሬም አልቻልሽበትም” አለኝ።