ሰቆጣ ላይ የተተከለው የረግረግ ጥድ

ችግኝ መትከልን የመሰለ ቀላል ሥራ የለም። ጉድጓዱን ሌላ ሰው ቆፍሮ ይጠብቃችኋል፤ ችግኙንም ሌላ ሰው ይዞላችሁ ይቆማል። እናንተ ጎንበስ ብላችሁ እፍኝ አፈር ጣል ታደርጋላችሁ፣ ወደ ካሜራው ፈገግ ትላላችሁ፣ እጃችሁን ትታጠባላችሁ። አስቸጋሪው ችግኙ ራሱ ነው። በዓሉ ማለቁ አይገባውምና በማግስቱም ውሃ ይጠይቃል። ስለዚህ ብልህ ሰው ተክሎ ይሄዳል እንጂ ተመልሶ አያይም።

የእኛ ኃላፊ ግን በየቀኑ ያይ ነበር።

እኔ ሰቆጣ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ኃላፊያችን ዝናብ ከማይጠፋበት አገር ተመድቦ የመጣ ልጅ እግር ነው። በዕድሜ ልጄ ስለሚሆን በሌለበት "እሱ" እለዋለሁ፤ ፊቱ ስቆም ግን "እርስዎ" ነው። ደመወዝ የማያስለምደው ጨዋነት የለም። ይህ ሰው አንድ ቀን ከውጭ አገር እንግዳ በስጦታ ያገኘውን ችግኝ ታቅፎ ገባ። የፈረንጅ ጥድ ነው፤ ያውም ረግረግ ላይ የሚበቅል፣ እግሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም ደስ የሚለው። በጥዱ አገር ሰዎቹ ውሃው በዝቶባቸው በቦይ እያፈሰሱ ይገላገሉታል አሉ። እኛ ደግሞ ጀሪካን ደርድረን ስንሰለፍ የምንውል ነን።

"እዚህ እኮ ረግረግ የለም፣ ጌታዬ" አልኩት።

"እንሠራዋለን" አለኝ።

"እንሠራዋለን" ማለት አያ ሲሳይ ይሠሩታል ማለት ነው። አያ ሲሳይ የግቢያችን ዘበኛ ናቸው፤ ከደመወዛቸው ሌላ ያላቸው ዝናብ የረሳው ማሳ ብቻ ነው። ሁለት አልጋ የሚያህል ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ላስቲክ አነጠፉበት፣ አፈርና ፍግ መለሱበት፣ መሐሉ ላይ ጥዱን ተከሉ። ኃላፊው አፈር ጣል አደረገና፣ "ይህ ዛፍ ከደረቀ እርስዎም ከዚህ ግቢ እንደወጡ ይቁጠሩት" አላቸው። ሽማግሌው፣ "እሺ ጌታዬ" ብለው ባልዲ ፍለጋ ሄዱ።

የሠራተኛ ክበባችን የሳህን እጣቢ አልበቃውም። የእጅ መታጠቢያችንም አልበቃውም። በመጨረሻ ቦቴ በሳምንት አንዴ የሚሞላልን ሮቶ ለጥዱ ተፈቀደ፤ እኛም ምሳ በልተን እጃችንን በሶፍት መጥረግ ጀመርን። ጉድጓዱ ላይ ውሃ ተኛ፤ ዛፉማ ተመቸው! መርፌ የመሰለ ቅጠሉን እየደረበ ሽቅብ ተመዘዘ። ከየት እንደመጣች የማትታወቅ እንቁራሪትም ገባችበት። በስብሰባችን መሐል ትጮህ ነበር፤ ከተናጋሪዎቹ ሁሉ ባጭሩ የምትጨርሰው እሷ ነበረች።

በዚያው ክረምት ዝናቡ ጀመረና ተወው። ለተብርሃን የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት፣ ማሽላዋ ማሳው ላይ ሲደርቅባት፣ ሁለት ልጆቿንና የተረፏትን ሦስት ፍየሎች ይዛ እዚሁ ዋግ ካለችው ዝቋላ መጣችና ከአጥራችን ጥግ እህቷ ቤት ተጠጋች። ዓረብ አገር ያለች ታላቅ ልጇ ስልኳ ካልሠራ ከርሟል። አንድ ቀን ለተብርሃን በአጥሩ ቀዳዳ አያ ሲሳይን በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና ስታነጋግር ኃላፊው ደረሰ።

"ምን እያሉ ነው?" ሲል ጠየቀኝ።

"ስለ ዛፉ ነው" አልኩት።

ውሸትም አልነበረም። ለተብርሃን ያለችው እንዲህ ነው፦ "አያ፣ ለዛፍ የተረፈ ውሃ ለፍየሎቼ አይተርፍም? እነሱ ከሞቱ ልጆቼን ምን ላጠጣ ነው?"

አያ ሲሳይ ኃላፊው እስኪርቅ ጠበቁና፣ "ሰው ለምሳ ሲወጣ አምጪያቸው" አሏት።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ፍየሎቹ ይገባሉ፣ ከጥዱ ጉድጓድ ጠጥተው ይወጣሉ። እኔ ከመስኮቴ አየሁና መስኮቱን ዘጋሁ። ጀግንነቴ እስከዚህ ድረስ ነው።

"ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ" ይባላል። እነዚህ ግን ጨዋ ስለሆኑ አንድ ወር ታገሡ። ከዕለታት አንድ ቀን አያ ሲሳይ ለመኪና በር ሊከፍቱ ሄደው ሲመለሱ ከጥዱ የቀረው ስንዝር የማይሞላ እንጨት ነበር። በዚያ መኪና የገባው ደግሞ ኃላፊው ራሱ ነው።

"የስንብት ደብዳቤውን አሁኑኑ ጻፍ!" ብሎ ጮኸብኝ።

ተቀመጥኩ። አያ ሲሳይ ቆባቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ። "ጻፈው ልጄ፣ አትጨነቅ። ውሃውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ብትጠይቀኝ እሰጣታለሁ" አሉኝ። ጻፍኩት። ሌላ ነገር አደረግሁ ብላችሁ በወደድኩ።

ኃላፊው ሊፈርም ብዕሩን ሲያነሳ፣ ድርቁን ሊጎበኙ ከበላይ የመጡ እንግዶች ከተፍ አሉ። ሳይናገሩ የሚመጡ እንግዶች ናቸው እውነቱን የሚያዩት። ተሯሩጠን ወጣን። ለተብርሃን ፍየሎቿን ከጉድጓዱ እየጎተተች ነው፤ እነሱ ደግሞ ጠጥተው አልጨረሱም።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ የእንግዶቹ አለቃ።

ኃላፊው ጉድጓዱን አየ፣ ፍየሎቹን አየ፣ በእጄ የያዝኩትን ደብዳቤ አየ።

"የ... የከብት ውሃ ማጠጫ ነው።"

"ግሩም ነው! የማን ሐሳብ ነው?"

"የእኔ" አለ፤ ዓይኑን አላሸም።

"መሐሉ ላይ ያለው እንጨትስ?"

"የውሃው ልክ የሚታይበት ነው።"

ጥፋትን ወደ እምዬ ማላከክ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ምስጋናን ወደ ራስ ማላከክ ግን ሥልጠና ይፈልጋል። ደብዳቤው ተቀደደ። አያ ሲሳይም ያለ ጭማሪ የማጠጫው ተቆጣጣሪ ተባሉ፤ ለተብርሃንም ፍየሎቿን በዋናው በር ማስገባት ጀመረች።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት አያ ሲሳይ በጣታቸው ጠሩኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ያ ሞተ ያልነው ጉቶ ከጎኑ አረንጓዴ መርፌዎች አውጥቷል፤ ለካ ይህ ጥድ ቢቆርጡት የሚያቆጠቁጥ ዘር ኖሯል! ሽማግሌው ግራ ቀኝ ተገላመጡ።

"እንዳትነግረው። ዛፉ መኖሩን ካወቀ ፍየሎቹን ያስወጣቸዋል" አሉኝና አንድ ሽንቁር ቅርጫት ደፉበት።

አልነገርኩትም። ሦስቱ ፍየሎች አሁን አምስት ሆነዋል። ጥዱም ኃላፊ ካጣ ወዲህ ይበልጥ ተመችቶታል።