የተለጠጠ ሙቀት

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት አባቶቻችን የአምስት ዓመት ዕቅድ ወርዶባቸው አያውቅም። ቢወርድባቸው ኖሮ «ቀስ በቀስ» የምትለዋን አሰርዘው እንቁላሉን በሩጫ ያስመዘግቡት ነበር። በእኛ የዕቅድ ዘመን ግን የቆጋ መስኖም ሆነ የከተማችን የኮብልስቶን ንጣፍ፣ ዕቅዱ ሁሉ «የተለጠጠ» ነበር። እሺ፣ ጠፍር ይለጠጣል። ዶሮስ ምኗ ይለጠጣል?

እንዲህ ያናደደኝን ልንገራችሁ። ፍኖተ ሰላም ላይ፣ መንግሥት በሰጠኝ ሼድ ውስጥ ቴሌቪዥን እየጠገንሁ ስኖር፣ ለጎረቤቴ ለእትዬ የሻረግ የጫጩት መፈልፈያ ሳጥን ሠራሁላቸው። ፈንግል ዶሮዎቻቸውን አንድ ሳያስቀር ፈጅቶባቸው፣ የቀራቸው ተስፋ ከዘመድ ለምነው ያሰባሰቡት እንቁላል ብቻ ነበር። ሳጥኑን የሚያሞቀው አምፖል ነው፤ አምፖሉን የምታዝዘው ደግሞ ማይክሮኮንትሮለር የምትባል ጥፍር የምታህል ቺፕ ናት። ሙቀቱ ከሠላሳ ሰባት ተኩል ዲግሪ ሲወርድ ታበራለች፣ ሲያልፍ ታጠፋለች። ጠባይዋን እስክለምድ ስንት እንቁላል እንደቀቀልሁ አትጠይቁኝ።

የእትዬ የሻረግ እንቁላል በገባ በማግሥቱ፣ ሼዱን የሰጠኝ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሊጎበኙ መጡ። ማሳያው ላይ ያለውን ቁጥር አንብበው ቅር አላቸው።

«ሠላሳ ሰባት ተኩል? ይህማ የአምና አፈጻጸም ነው የሚመስል። ከክልል እንግዶች በሁለት ሳምንት ይደርሳሉ። አርባ አምስት አድርገውና ቶሎ ይፈልፈል።»

ዶሮም ብትታቀፈው ሦስት ሳምንት ነው፣ አሁን ካለበት በላይ ከሞቀ ይሞታል አልኋቸው። የአመለካከት ችግር አለብህ አሉኝ። ሼዱ የማን እንደሆነም አስታወሱኝ። የእኔ ደም ያኔውኑ አርባ አምስት ገባ።

እትዬ የሻረግ ጥግ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። ኃላፊው ሲወጡ ጠጋ ብለው፣ «አንተ ልጄ፣ ለእሳቸው ቁጥሩን ስጣቸው፤ ሙቀቱን ለእንቁላሎቼ ተውልኝ» አሉኝ።

እንዳሉትም ማሳያው አርባ አምስት እንዲል አደረግሁት፤ ውስጡ ግን በሠላሳ ሰባት ተኩሉ ቀጠለ። እንግዶቹ እንደ ልማዳቸው ሳምንት ዘግይተው ሲመጡ፣ ጫጩቶቹ የእትዬ የሻረግን ሰፌድ ሞልተው ይንጫጫሉ። ኃላፊው ስለ ተለጠጠው ሙቀት ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። ይህ ነገር ለሌላው እንዳይተርፍ ፈርቼ ተነሣሁና፣ ቁጥሩ ሐሰት መሆኑን፣ ሙቀቱ ፈቀቅ እንዳላለ በይፋ ተናገርሁ።

«ባለሙያችን ትሑት ነው» አሉ ኃላፊው። ተጨበጨበልኝ። እውነት ተናግሮ በጭብጨባ አፉን የዘጉት ሰው ምን ያህል እንደሚናደድ የደረሰበት ያውቀዋል።

ተሞክሮው ወደ ቡሬ ተሻገረ። ሳጥን ተሠራ፣ ከየቤቱ እንቁላል ተሰበሰበ፣ ሙቀቱ አርባ አምስት ላይ ተደረገ። የዚያ ሁሉ ሴት እንቁላል ሳጥኑ ውስጥ ሞቶ ቀረ። ግምገማ ተቀምጠው ምክንያቱን አገኙት፤ ሙቀቱ አንሷል፣ ሃምሳ ይሁን ተባለ።

ቡሬ ወረድሁ። ሴቶቹ እንደገና እንቁላል አምጥተው ተቀምጠዋል፤ አንጀቴን በሉት። የሳጥኖቹን ቺፕ አንድ በአንድ አስተካክዬ፣ ማሳያው ሃምሳ እንዲል፣ ውስጡ እንደ ዶሮ ክንፍ ሥር እንዲሆን አድርጌ ተመለስሁ። ጫጩቶቹ በጤና ተፈለፈሉ።

ኃላፊው እጅግ ደስ አላቸው። አሁን ስለ ስልሳ እያሰቡ ነው።