ክብርት ፈሪያችን

ስለ ፍርሃት አሳምሮ የሚያስተምር ሰው፣ ዋናው ፈሪ ራሱ ነው። ይህን በድፍረት የምናገረው ክብርት ዶክተር ቨርኔታ ጌንስን ስለማውቃቸው ነው።

እዚህ ዲትሮይት፣ እኔም በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ እንደኔና እንደሳቸው ጥቁር የሆኑ ልጆች ከነጮቹ እኩል እንዲታዩ የሚሟገቱት እሳቸው ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ መምህሩንም ተማሪውንም ክብ ሠርቶ እንዲቀመጥ ያደርጉና «ተንፍሱ፣ ልጆቼ! ትከሻችሁን ከጆሯችሁ አውርዱት! እንደተፈጠራችሁ ውብ ናችሁ!» ይላሉ። የራሳቸው ትከሻ ወርዶ አያውቅም።

ሐብሐብ ሲያዩ ነፍሳቸውን አያውቁም። ግን «ጥቁር ሰው ሐብሐብ አይጠግብም» እየተባለ የሚቀለደው የቆየ ፌዝ እንዳይነሳ፣ መኪናቸው ውስጥ መስኮት ዘግተው ነው የሚበሉት። ነጭ ወላጅ ስልክ ሲደውልላቸው ከወንበራቸው ብድግ ብለው ያናግሩታል። ስብሰባ ሲኖር ደግሞ እኔን ይጠሩኛል። «ዴሊያ፣ የኔ ቆንጆ፣ ቀሚሴ ከኋላ ተጨማዷል?» አልተጨማደደም። «እስቲ ደግመሽ እዪልኝ።»

ታዲያ አንድ ሐሙስ፣ ይህን የእሳቸውን ክብ እናስቀጥል ወይስ እንዝጋ ብለው የሚወስኑ ጎብኚዎች ከበላይ ቢሮ መጡ። ያን ዕለት ጠዋት ዛሪያ የምትባል ተማሪ ጸጉር እንዳይበላሽ ማታ የሚደረገውን ባለአበባ የሐር ቆቧን አድርጋ ከተፍ አለች። አክስቷ ሹሩባዋን ጀምራ ሳትጨርስላት ሥራ ገብታለች።

«አውልቂው! እንግዶቹ ምን ይሉናል?» አሏት ዶክተር፣ ክንዷን ይዘው።

አወለቀችው። ግማሹ የተሠራ፣ ግማሹ የተበተነ ጸጉሯ ብቅ ሲል ኮሪደሩ በሳቅ አውካካ።

ከሰዓት በኋላ ጎብኚዎቹ ባሉበት ክብ ሠርተን ተቀመጥን። የክቡ ሕግ የዶክተር የራሳቸው ነው፤ የተጎዳ «አመመኝ» ይላል፣ የጎዳው «እኔ ነኝ» ይላል፣ ማመካኘት ክልክል ነው።

ዛሪያ እጇን አወጣች። «አመመኝ።»

«ማነው ያሳመመሽ፣ ልጄ?»

«እርስዎ ያውቁታል።»

የዶክተር ፊት አመድ መሰለ። «እኔ እኮ ላንቺው ብዬ…»

«ማመካኘት ክልክል ነው!» አለች የዛሪያ ጓደኛ።

ጎብኚዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የዶክተር የዓመታት ልፋት በአንድ መልስ ሊፈርስ ነው። እኔ በሆዴ «ይካዱ! አላውቅም ይበሉ!» እላለሁ።

«እኔ ነኝ» አሉ። ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር። «የፈራሁት ላንቺ አልነበረም፤ ለራሴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የተሸከምኩትን ፍርሃት አምጥቼ አንቺ ላይ ጫንኩት።»

ዛሪያ ይቅር ለማለት አልቸኮለችም። «እሺ፣ አሁንስ? አክስቴ እስከ ቅዳሜ ጊዜ የላትም። ነገም በቆቤ ነው የምመጣው። እንግዶቹም ነገ አሉ።»

ዶክተር ቀሚሳቸውን ከኋላ ጎተት አደረጉ። «በር ላይ እጠብቅሻለሁ።»

ጠበቋት። የልጅቱን እጅ ይዘው፣ ቆቧ ከነአበባው እያብለጨለጨ፣ በጎብኚዎቹ መሃል አቋርጠው መጡ። አገጫቸው ቀና ብሏል፤ ትከሻቸው ግን እንደልማዱ ከጆሯቸው ሥር ነው። የእኔ ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸውን እምብዛም ሳያንቀሳቅሱ «ዴሊያ፣ በጣም ፈርቻለሁ» አሉኝ።

ስለ ሰው ሁሉ ፍርሃት ሲያወሩ ኖረዋል፤ ለእኔ ግን «ፈርቻለሁ» ብለውኝ አያውቁም። ደፋር ቢሆኑ ኖሮ ይህን ያህል እወዳቸው እንደሆን እንጃ።

ወጣሁና የዛሪያን ሌላኛውን እጅ ያዝኩ።