ቁስሉን ካላየን

እኛ ሰዎች በሽተኛ በመጠየቅ ማን ይችለናል! ሰርጋችን ላይ የቀረውን ይቅር እንላለን፤ ታመን ያልጠየቀንን ግን እስከ መቃብር እንይዝበታለን። መቼም ታውቁታላችሁ፣ መምጣት ብቻ አይበቃም። «ካልታዘልኩ አላምንም» እንዳለችው ሙሽራ፣ ቁስሉን በዓይናችን ካላየን የጠየቅን አይመስለንም።

ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ ወንጪ ዘመድ ሊጠይቁ ሄደው ፈረስ ቅልጥማቸውን ሰበረውና ሆስፒታል ገብተው በኦፕራሲዮን አጥንታቸው ተገጠመ። ገበሬ ናቸው፤ እርፍ የሚጨብጥላቸው ልጅ የላቸውም። እግራቸው ከዳነ ቤታቸው ዳነ ማለት ነው።

ሲስተሯ በቀን ሦስቴ «እባካችሁ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ፤ እጃችሁን ታጠቡ፤ ፋሻውን አትንኩ!» ትላለች። እኛም እሺ እንላለን። ዞር ስትል ከገበያ የመጣው በገበያ እጁ፣ ከበረት የመጣው በበረት እጁ ፋሻውን ገለጥ ያደርግና «አይዞዎት፣ ምንም አይል!» ብሎ ይመርቃል። ምን ልደብቃችሁ፣ እኔ መምህር ተብዬውም ጠመኔው ከእጄ ሳይለቅ ገልጬ አይቻለሁ።

በአምስተኛው ቀን ትኩሳታቸው ነደደ፤ ክፍሉ ሸተተ። ሲስተሯ ፋሻውን ስትፈታው መግሉ ወረደ።

«ማነው ይህን የነካው?» አለች።

አሥራ አንድ ሰው ነበርን። አሥራ አንዳችንም ጣሪያ ጣሪያውን አየን።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ማንም አልነካኝም» አሉ ኦቦ ቶሎሳ ጥርሳቸውን ነክሰው። «እንግዶቼን አትቆጪብኝ።»

የእግዜር ያለህ! እኔ ያን ጊዜ እንኳ አፌን አልከፈትኩም። ዶክተሩ ቁስሉን ከፍቶ አጠበው፤ መድኃኒት ቢለውጥ፣ ቢለውጥ አልበገር አለ። በመጨረሻ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። በጠላት ቢሆን እሺ፤ በወዳጅ፣ በደግነት፣ የሰው እግር! የማን እጅ እንዳደረሰው ማን ያውቃል? የኔም እጅ አለበት፤ እስከ ዛሬ አልዋጥልህ ብሎኛል።

በማግስቱ ጠያቂው እንደገና ጎረፈ። ከደንዲ የመጡ አንድ ሽማግሌ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ምርር ብለው አለቀሱና፣ እንባቸውን በእጃቸው ጠርገው ያንኑ እጅ ዘረጉ።

«እስቲ፣ ምን ያህሉን ነው የቆረጡት?»

«ኧረ ተዉ አባቴ!» ብዬ ዘልዬ እጃቸውን ያዝኩ። ሽማግሌው ደንግጠው ቀና አሉ።

ኦቦ ቶሎሳ ግን እንግዳቸው እንዳይቀየም ብለው ፋሻውን ራሳቸው ይፈቱ ጀመር።