ሁለት ሰው የሚፈልግ መሣሪያ

ሰው ዕቃውን የሚያሻሽለው ሥራ እንዲቀልለት ነው ይላሉ። እኔ ግን ሥራዬን የሚያከብድብኝን መሣሪያ ላቤን አንጠፍጥፌ ሠራሁ፤ እስከ ዛሬም እኮራበታለሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ቄስ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ ሳልገፋበት ወደ እርሻ የተመለስኩ ሰው ነኝና ያማረ አነጋገር ከእኔ አትጠብቁ። የሚያውቁኝ ቢሰሙ "እሱ ደግሞ መቼ አውርቶ ያውቃል!" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ከሰው ጋር ከማወራ ከበሬ ጋር ብውል እመርጣለሁ። በሬ "ምን አሰብክ?" ብሎ አይጠይቅም።

ዘመኑ የጣሊያን ነው። ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ባለው ማሳዬ ማሽላ አርሳለሁ፤ እርሻው ፋታ ሲሰጠኝ ደግሞ ከበረቱ ጎን ባለችው ዳስ ውስጥ እንጨት አዞራለሁ። ሥራውን ለማታውቁት፣ እንጨቱ በሁለት የብረት ጫፎች መሀል ይያዝና ጠፍር ይጠመጠምበታል። የጠፍሩ አንዱ ጫፍ ከእግር መርገጫ፣ ሌላው ከላይ ከተሰቀለ እርጥብ ዘንግ ጋር ይታሰራል። ስትረግጡ እንጨቱ ይዞራል፤ ስትለቁ ዘንጉ መልሶ ይስበዋል፤ እጃችሁ መሮውን ይዞ ይቀርጻል። አንድ ሰው ይበቃዋል። እንዝርቴን ብቻዬን ስቀርጽ ማንም አላስቸገረኝም፣ ማንንም አላስቸገርኩም።

ልጄ ዘነበች ወደ ቤቴ እስክትመለስ ድረስ።

ባሏ ከዘመተበት ሳይመለስ ቀረ። መርዶው መጣ፤ አለቀሰች፤ ከዚያ ዝም አለች። እናቷ ካረፈች ቆይታለች። እንግዲህ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዝምተኞች ሆንን፤ አንዱ በተፈጥሮው፣ አንዷ በሐዘኗ። አንድ ቀን ታዲያ ልብሷን በነጠላ ቋጠረች፤ ቋጠሮውን በቀይ ጠፍር አስራ ደጃፉ ምሰሶ ላይ ሰቀለችው።

"አባዬ፣ ጣርማ በር ጣሊያን ለመንገዱ ተራራውን በሚፈለፍልበት፣ ለሠራተኛው ወጥ የሚሠሩ ሴቶች ይፈለጋሉ አሉ" አለችኝ።

እዚያ ካምፕ ገብተው የት እንደደረሱ ያልታወቀ ሴቶች ወሬ ሰምቻለሁ። እናንተ ብትሆኑ "አትሂጂ ልጄ፣ ቤቱ ያላንቺ ወና ነው" ትሉ ነበር። እኔም እሱኑ ልል አፌን ከፈትኩ።

"ማሽላው ይታጨድና" አልኳት።

አጨዳው ሳያልቅ ሌላ ትልቅ የእንጨት ማዞሪያ መሣሪያ መሥራት ጀመርኩ። እግሮቹን ከዋንዛ ግንድ፣ የብረት ጫፎቹን ካለቀ ማረሻ አወጣሁ። የአልጋ እግር የሚያህል እንጨት ይይዛል። ከላይ ግን ዘንግ አልሰቀልኩለትም፤ የጠፍሩን ሁለት ጫፎች ይዞ ወዲያና ወዲህ የሚስብ ሰው ያስፈልገዋል።

ወደ ካምፑ እህል የሚያመላልሰው ጎረቤቴ ሰይድ አህያውን አቁሞ አየውና ሳቀብኝ።

"ወላሂ አንተ ሰውዬ ጉድ ነህ! ጣሊያን ዘንድ ቶርኖ የሚሉት አለ፤ ያለ ሰው በሞተር ይዞራል። ያንተው አደገና ጭራሽ ሁለት ሰው ፈለገ? ዘንጉስ?"

"ይህን የሚችል ዘንግ የለም።"

"ሮቢ ወንዝ ዳር ሞልቶ?"

"የለም አልኩህ።"

ሰይድ እኔን አየ፤ ምሰሶው ላይ ያለውን ቋጠሮ አየ። "እንግዲያ የለም" ብሎ አህያውን ነዳ። ሰይድ ወሬኛ ነው፤ ዝም ማለት በሚያስፈልግበት ጊዜ ግን ከእኔ ይበልጣል።

ዘነበችን "የአልጋ እግር ታዝዞብኛል፤ እስኪያልቅ ጠፍሩን ሳቢልኝ" አልኳት። ትስብ ጀመር። ይህ ሥራ ደግሞ ያለ ንግግር አይሆንም። "ሳቢ"፣ "አላዪ"፣ "ቆዪ" ማለት ግድ ነው። መጀመሪያ ላይ ካሚዮን በመንገዱ ባለፈ ቁጥር አንገቷን ወደ ጣርማ በር ዳገት ታዞራለች፤ ጠፍሩም ይላላል። አንድ ቀን ግን ካሚዮኑ አለፈ፣ ጠፍሩም አልላላ። ቀና ብል የቀረጽኩትን እያየች ነው።

"አባዬ፣ ይሄኛው እግር ከዚያኛው አጥሯል። ባለአልጋው አንካሳ ነው እንዴ?"

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ከዚያ በኋላ እሷ ስለ ባሏ፣ እኔ ስለ እናቷ ስናወራ የአልጋው እግር እየቀጠነ የተበላሸብን ጊዜ አለ።

አንድ ጠዋት ከማሳ ስመለስ ምሰሶው ላይ ቋጠሮው የለም። ወደ ዳሷ ሮጥኩ፤ ዘነበችም የለችም። ከትልቁ መሣሪያ በላይ ግን ወፍራም እርጥብ ዘንግ ተሰቅሏል፤ ከሥሩም የእግር መርገጫ ገብቶለታል። ብቻዎን ይሥሩ ማለቷ ነው፤ ስንብት ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል? ወደ ዳገቱ መንገድ እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። መለስ ብዬ ሳይ ዘንጉ ከጣሪያው ወራጅ ጋር የታሰረው በቀይ ጠፍር ነው።

"ለሰይድ ዘንግ የለም ሲሉት ሰምቼ ወንዝ ወረድኩ" አለች ከኋላዬ፣ ትከሻዋ ላይ የዋንዛ እንጨት ተሸክማ። "ማሳ ሲውሉ እኔ ብቻዬን እሠራለሁ።"

"ቋጠሮውስ?"

"ፈታሁት። ማሰሪያው ለዚህ አስፈለገኝ።"

ደስ አለኝ። ግን ሰው ሲባል አይጠግብም። ዘነበች ብቻዋን እየረገጠች፣ ብቻዋን እየቀረጸች ትውል ጀመር፤ እጇም ከእኔ ይሻላል። እኔ ደግሞ ማረሻ የረሳሁ እየመሰልኩ በዳሷ ደጅ እመላለሳለሁ። "ሳቢ" የሚል የለ፣ "አላዪ" የሚል የለ።

ብዙም ሳይቆይ ዘንጉ ተሰበረ። ዘነበች ስብራቱን አገላብጣ አየችው።

"አባዬ፣ ዘንግ በራሱ ሲሰበር የመጥረቢያ ምልክት ያወጣል እንዴ?"

እኔ ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም።

"ጠፍሩን ያዢ" አልኳት። ያዘች።