የፉአድ አራት አጃቢዎች

ልዑልሰገድ ያን ሕልም ያየው ባለፈው እሁድ በጠራራ ፀሐይ ነው። በአሥራ አንድ ሰዓት የከዚራና የሳቢያን ሰፈር ቡድኖች ለቅርጫት ኳስ ዋንጫ ይገናኛሉ። እሱ የከዚራ ተጫዋች ነው። ምሳውን በላና እንደ ድሬዳዋ ሰው ሁሉ ሙቀቱ በረድ እስኪል ጋደም አለ። እንቅልፍ ግን እንቢ አለው። ጠዋት ፀጉር ቤት የሰማው ነገር ከንክኖታል። ሁለት ሰዎች የቡድኖቹን ኮከቦች፣ የከዚራውን ፉአድንና የሳቢያኑን ጌድዮንን፣ ሲያወዳድሩ ቆይተው አንደኛው፣ «በችሎታ ፉአድ ይበልጣል። ግን ጌድዮን ሰው አለው። ፉአድ ምን አለው? አራት ቆመው የሚያዩ!» አለ። ልዑልሰገድ ፊቱን አረፋ ተቀብቶ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። አላወቁትም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለፉአድ ኳስ ያቀበለው እሱ ነው።

ይህን ሲያብሰለስል እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

ሜዳው ሲደርስ ጨዋታው ተጀምሯል። የሚጫወቱት ተመልካቾቹ ናቸው። ነጠላ የለበሱ እናቶችና ቦርሳ ያንጠለጠሉ የቢሮ ሠራተኞች በላብ ተጠምቀው ይሯሯጣሉ። ተጫዋቾቹ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ኦቾሎኒ እየፈለፈሉ ይሳደባሉ። ቅርጫቶቹ እንደ ጉድጓድ አፋቸውን ከፍተው መሬት ላይ ተተክለዋል። ዳኛው ግመል ነው። ፊሽካውን ሲያመነዥክ ቆየና ነፋው።

«ይበቃል። ኮከቦቹ ይሰለፉ!»

ፉአድና ጌድዮን ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ጉዳይ ሊያስፈጽም እንደመጣ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ቀረቡ። ማንም አልሳቀም።

«ዛሬ የሚመዘኑት አጃቢዎች ናቸው» አለ ግመሉ። «ጌድዮን፣ ያንተን ንገረን።»

ጌድዮን ጉሮሮውን ጠረገ። «ካሊድ አለ፤ እኔ እንዳልመታ መሃል ገብቶ ሁለት ጥርሱን አጥቷል። ሲሳይ እናቱ የታመሙ ጊዜ ከሆስፒታል እየተመላለሰ ተጫውቷል። ብሩክ ሐዊ የምትባል ልጅ አለችው። ነስሩ እኔ ስቆጣ ነው የሚስቀው።»

ስሙ የተጠራ ሁሉ ከደረጃው ተነሣ፤ ሲነሣም ቁመቱ በአንድ ክንድ ጨመረ።

«ፉአድስ?»

ፉአድ በጣቱ ቆጠረ። ሦስቱን እንደ ምንም በቅጽል ስማቸው ጠራ። አራተኛው ላይ ቆመ። «ያ... ኳሷን የሚሰጠኝ ልጅ» አለ።

«ስም የለውም?»

«ኳሷ ስትመጣ እኮ የማየው ኳሷን ነው።»

ልዑልሰገድ ስሙን ሊናገር ብድግ ብሎ አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ኳስ ሲነጥር የሚሰማው ድምፅ ነበር፤ ድም፣ ድም፣ ድም። ደግሞ ሞከረ፤ ያው ነው። ከሚጫወቱት እናቶች አንዷ ሩጫዋን አቁማ ክንዱን ያዝ አደረገችው። «አይዞህ የኔ ልጅ፣ እኛ ሰምተናል» አለችው። ይህን ጊዜ ሊያለቅስ ዳዳው።

«እንግዲህ ፉአድ ራሱ ኳስ ይሁን» ብሎ ግመሉ ፈረደ።

ፉአድ ተኮማተረ፣ ድቡልቡል ሆነ፣ መጥቶ ልዑልሰገድ መዳፍ ላይ አረፈ። ይሞቃል። ልቡ ሲመታ ይሰማል። ቅርጫቱ ከእግሩ ሥር ነው፤ እጁን ቢለቅ ይገባል። «አስገባ! አስገባ!» ሕዝቡ አስተጋባ።

«አትልቀቀኝ» አለ ፉአድ ከኳሱ ውስጥ በቀጭን ድምፅ። «ጉድጓዱ መጨረሻ የለውም።»

ልዑልሰገድ ኮከቡን በደረቱ አቅፎ የሚያቀብለው ሰው ፈለገ። ካሊድን አየ፤ ካሊድ እጁን ወደ ኋላ አጣምሯል። ሲሳይም እንደዚያው። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ኳስ ይዞ ብቻውን ቀረ። ቂሙን ፈለገው፤ አጣው። ያገኘው አራስ ሕፃን በእጁ የያዘ ሰው የሚሰማውን ዓይነት ፍርሃት ነው።

«ፉአድ» አለ፤ «እኔ እኮ ነኝ...»

በሩ ተደበደበ።

ልዑልሰገድ ብድግ አለ። ክፍሉ ደንግዝግዝ ብሏል። ስልኩን አነሣ፤ ባትሪው አልቆ ጠፍቷል። በሩን ሲከፍት ፉአድ ላብ ያራሰው መለያውን እንደለበሰ፣ ወርቃማ ሜዳልያ አንገቱ ላይ አጥልቆ ቆሟል።

«አቦ ልዑል! ለፎቶ ስንጠራ የት ጠፋህ?»

«ስንት... ስንት ሰዓት ነው?»

«አንድ ሰዓት አለፈ። ያቺ የመጨረሻዋ ኳስ ግን! ወላሂ፣ ዞሬም አላየሁ። ከጀርባዬ ስትመጣ ካንተ እጅ እንደወጣች አወቅሁ። ይሄን ያህል ዓመት አብረን ኖረን እንዴት አላውቅም?»

አቀፈው፤ አጥብቆ፣ ከልቡ አቀፈው። ልዑልሰገድ በትከሻው ላይ አሻግሮ መንገዱን አየ። ሰዉ ሰንደቅ እያውለበለበ፣ እየጨፈረ ያልፋል። ተኝቶ ጨዋታው እንዳመለጠው እውነቱን ሊናገር አስቦ ነበር። የፉአድ ፊት ላይ ያለው ደስታ ግን አሳዘነው።

«እግሬን ስላመመኝ ቀድሜ ወጣሁ» አለ።

«አውቃለሁ» አለ ፉአድ፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ። «በመጨረሻው ሩብ ላይ ስታነክስ አይቼሃለሁ።»