የሐዋ ዳቦና የእኔ አንጀት

ደሴ ላይ ሰው ቤት ገብታችሁ ሳትበሉ ለመውጣት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? አትሞክሩ። ጠግቤያለሁ ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። አሞኛል ብትሉ፣ ያመመህ ስላልበላህ ነው ትባላላችሁ። እኛ ሰፈር ሆጤ ውስጥ ሳይበላ የወጣ ሰው ወይ ተጣልቷል፣ ወይ ሊጣላ ነው። እኔ ከማንም ሳልጣላ ነው መከራዬን ያየሁት።

ነገሩ የመጣው ከሆዴ ነው። ስለ ሆድ ማውራት እንደማያምር አውቃለሁ። ግን በእኔ ዕድሜ ሌላ ምን ወሬ ይኖራል? ምግብ በቀመስኩ ቁጥር ይነፋኛል፣ ይጮኻል፣ ከዚያ ያስሮጠኛል። ሁለት ዓመት ሮጥኩ። አሜባ ነው አሉኝ፣ መድኃኒቱን ዋጥኩ። ጃርዲያ ነው አሉኝ፣ ዋጥኩ። ታይፎይድም ጨጓራም አሉኝ፣ እሱንም ዋጥኩ። ሐርቡ ፍል ውሃ ወርጄ ተዘፈዘፍኩ። ቀበቶዬን በምስማር እየበሳሁ ሳጠብቅ ሳጠብቅ፣ ጫፉ ዞሮ ጀርባዬ ጋ ደረሰ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ምሳዬን የምበላው ይማም ቤት ነበር። ይማም የአርባ ዓመት ጓደኛዬ ነው። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ አሁን ሱቁን ለልጆቹ ትቶ እንደ እኔ ወንበር ያሞቃል። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ከእሱና ከሚስቱ ከሐዋ ገበታ ምሳ ሰዓት ላይ ቀርቼ አላውቅም። እነሱ ሙስሊም ናቸው፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ። አንዳችን የሌላውን ሥጋ አንበላም። ወሎ ውስጥ ይህን ማንም ለማንም አያስረዳም፣ ማንም በማንም አይቀየምም። ስለዚህ ገበታችን ላይ ንጉሡ ዳቦ ነው። ሐዋ በኮባ የምትጋግረው፣ ጥቁር አዝሙድ የገባበት ድፎ ዳቦ። ይማም ቢስሚላህ ብሎ ይቆርስና የመጀመሪያዋን እኔን ያጎርሰኛል። አርባ ዓመት እንዲሁ ነው።

በመጨረሻ ኮምቦልቻ ወርጄ አንዲት ወጣት ሐኪም ዘንድ ገባሁ። ሌሎቹ የት እንደሚያመኝ ነበር የሚጠይቁኝ። እሷ ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ። ደሜ ማነሱንም አየች። ሴሊያክ የሚባል በሽታ ሊሆን ይችላል አለችኝ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ። በሽታው ያለበት ሰው እሱን ሲበላ፣ የገዛ ሰውነቱ ጠላት ገባ ብሎ ይነሳና የራሱን ትንሹን አንጀት ይመታል። አንጀት ውስጥ ምግብ የሚመጥጡ ጸጉር የመሰሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ እነሱ ይረግፋሉ። ከዚያ የበላኸው ሁሉ ሳይጠቅምህ ያልፋል። የደም መመርመሪያው አሁን እጃችን ላይ የለም፣ እስኪመጣ ድረስ አመጋገብዎን እንዳይቀይሩ አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰምቻታለሁ። ግን እኔ ጥንቁቅ ሰው ነኝ። አንጀቴን እያስደበደብኩ ልጠብቅ? የዚያኑ ቀን ስንዴና ገብስ አቆምኩ። ጠላም ተውኩ፣ ብቅሉ ገብስ ነውና። ጤፍ አይነካም ስላለችኝ ጤፌን ራሴ ተሸክሜ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ቀድሞኝ የማን ስንዴ እንደተፈጨ ሰልፈኛውን አንድ በአንድ መረመርኩ። የወፍጮ ቤቱ ሰው፣ አባት፣ ከፖሊስ ነው የመጡት አለኝ።

ሆዴ ጸጥ አለ። ችግሩ የሐዋ ዳቦ ነው። ሐኪም ከለከለችኝ አልኳት። ሳቀች። ስኳርና ጨው የሚከለክል ሐኪም ሰምታለች፤ ዳቦ የሚከለክል ግን ወላሂ አልሰማችም። "ዳቦ እኮ ነው አያ ሞላ፣ መርዝ አይደል!" በሦስተኛው ሳምንት መሳቋን ተወች። ይማም ደጅ ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከቤቴ ምን አየህብኝ አለኝ። ሰው ምን ነገረህ? ዘመኑ ክፉ ነው፣ ሰውን ከሰው የሚለይ ወሬ ሞልቷል። አንተም የእኛን እጅ ተጸየፍክ? ስለ አንጀቴ ጸጉር አስረዳሁት። አንጀት ጸጉር የለውም አለኝ። ከዚያ ወዲያ ምሳ የሚጠራኝ ጠፋ። ቤቴ ተቀምጬ ለብቻዬ ጎረስኩ። ምግብ ለብቻ ሲበላ ድምፁ እንዴት እንደሚያስፈራ ታውቃላችሁ?

በሁለት ወሩ መመርመሪያው መጣ ተባልኩ። ኮምቦልቻ ወረድኩና መሻሌን በኩራት ተናገርኩ። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ስንዴ ካልበሉ ሰውነትዎ የሚዋጋው ነገር የለም፤ ካልተዋጋ ደሙ ላይ ምልክቱ አይታይም፣ በሽታው እያለ የለም ሊል ይችላል አለችኝ። ስለዚህ ስድስት ሳምንት በየቀኑ ዳቦ እንድበላ አዘዘችኝ። ጥንቃቄዬ ይህን አተረፈልኝ።

ዳቦ ከየት ላምጣ? ቀጥታ ይማም ቤት ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ፣ ሐዋ ዳቦ አለሽ ወይ አልኩ። ሴትዮዋ እንባዋ መጣ። ይማም ቢስሚላህ ብሎ ቆረሰና አጎረሰኝ። ያቺን ጉርሻ እስክሞት አልረሳትም። ከሰዓታት በኋላም ሆዴ አልረሳትም።

ስድስት ሳምንት በላሁ። በላሁ፣ ተጨዋወትኩ፣ ሳቅሁ፣ ቤቴ ገብቼ ተጣጥፌ ተኛሁ። እየከሳሁ ስሄድ ሐዋ ቁራሹን ታተልቀው ጀመር። ብላ፣ አላህ ያሽርህ፣ እህል ነው የሚያሽረው ትለኛለች። ታምሜ ነው የታረቅሁት፤ ብድን ደግሞ ልጣላ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በማን ደርሶ ያውቃል?

ደም ሰጠሁ። ቀጥሎ በአፌ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ከአንጀቴ ቅንጣት ቆነጠሩ። ውጤቱ መጣ፤ ሴሊያክ ነው። መድኃኒቱስ አልኳት። መድኃኒቱ አለመብላት ነው አለችኝ። እስከ መቼ? እስከ ዕድሜ ልክ። ትንሽስ? ፍርፋሪም አይሆንም። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ሁሉም ስንዴና ገብስ ካልነካው ይበላል። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለውን ዳገት በታክሲ ስወጣ፣ የማስበው አንጀቴን አልነበረም።

ሐዋን ምን ልበላት? ስድስት ሳምንት በገዛ እጅሽ ያበላሽኝ በሽታዬን ነው ልበላት? ወይስ እንደገና ሐኪም ልበል? ሐኪምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ሞክሬው ከቤት አስወጥቶኛል። በራቸው ላይ ቆሜ ሳመነታ አፌ ራሱ ተናገረ። የንስሐ አባቴ ቀኖና ሰጥተውኛል አልኩ። እስክሞት ድረስ ስንዴና ገብስ እንዳልቀምስ።

ማመን አትችሉም። ይማም ወዲያው ከወንበሩ ተነሳ። ዲን ከሆነማ ማን ይነካዋል አለ። ሐዋ አዲስ ድስት ገዛች። የእኔ ጤፍ ለብቻው ይፈጫል፣ ለብቻው ይጋገራል፣ ትሪዬም ለብቻው ይቀርባል። ፍርፋሪ የያዘ የልጅ ልጅ ወደ እኔ ሲጠጋ ከሩቅ ትጮኻለች። ሐኪሟ ወር ሙሉ ብታስረዳቸው እንዲህ አይጠብቁኝም ነበር። ኪሎ ጨመርኩ። ደሜም ተሻሻለ።

ግን ይማም ማጉረስ ተወ። እጄን ዳቦ ነክቶት እንደሆነስ ይላል። እሱ ከራሱ ትሪ፣ እኔ ከራሴ ትሪ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንበላለን። ባለፈው ሐሙስ ሐዋ ወጣ ስትል ወደ እኔ ጎንበስ አለ። ዕድሜ ልክ እህል የሚያስከለክል ነገር ቀላል እንዳልሆነ ሲያብሰለስል ኖሯል። አርባ ዓመት ምንም አልደበቅሁህም፣ አንተ ግን ደበቅኸኝ። ምን ብታደርግ ነው? የሰው ነፍስ ነክተሃል? አልጠላህም፣ ብቻ ንገረኝ አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ኃጢአቱ የለም ካልኩት ውሸቱ ይወጣል፤ ውሸቱ ከወጣ ሐዋ ያበላችኝ በሽታዬን እንደነበር ታውቃለች። ዝም ካልኩት ጓደኛዬን አጣለሁ። እንግዲህ ቀኖናውን የሚመጥን ኃጢአት ፈልጌ ልናዘዝለት ነው። ከሐሙስ ጀምሮ ዕድሜዬን ወደ ኋላ እየፈተሽኩ ነው። አንድ ጊዜ ያለ ትኬት አውቶብስ ተሳፍሬያለሁ። አንድ ጊዜ ታመምኩ ብዬ ከሥራ ቀርቻለሁ። ሌላ የለም። ሰባ ዓመት ሙሉ ተጠንቅቄ ኖሬ፣ ለአንድ ድፎ ዳቦ የሚበቃ ኃጢአት እንኳ አላስቀመጥኩም።